ጡቱን ለመቁረጥ ምን አስቸኮለን? ስለ ስውር የጡት ካንሰር ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ አዳማ ከሐኪም ወደ ሐኪም፣ ከነርስ ወደ ነርስ ሲዘዋወር የቆየ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በቀዶ ሕክምና ሙያ ከእኔ በብዙ ዓመት የሚቀድሙ፣ ገና ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ በአንድ እጅ ክር መቋጠር ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ያለኝ አክብሮት ዛሬም እንዳለ ነው። ይሁን እንጂ ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወጣት ሐኪም ጽሑፉን ከስልኩ ላይ ከፍቶ፣ «እንግዲያውስ ካንሰሩ ብብቷ ላይ ብቻ የታየባትን ሴት ሁሉ ጡቷን እንቁረጥ ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም ማለት እንደማይገባኝ ተረዳሁ።

ጉዳዩ ስውር የጡት ካንሰር የሚባለው በሽታ ነው። አንዲት ሴት ብብቷ ውስጥ እብጠት ታገኛለች። ናሙናው ሲመረመር ከጡት የመጣ ካንሰር መሆኑ ይታወቃል። ጡቷ ግን በእጅ ቢዳሰስ፣ በማሞግራም (በጡት ራጅ) ቢታይ፣ በአልትራሳውንድ ቢፈተሽ ምንም አይገኝበትም። ከ100 የጡት ካንሰር ታማሚዎች መካከል እንዲህ ሆና የምትመጣው አንድ እንኳን አትሞላም። አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በሙያ ዘመኑ የሚያያቸው ጥቂቶች ስለሆኑ፣ ውሳኔውን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ልማድ ነው። ጽሑፉም ይህን ልማድ ወደ መመሪያነት ከፍ ያደርገዋል።

የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። በአገራችን የብብት እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ቲቢ ስለሆነ በቲቢ መድኃኒት መጀመር ይበጃል፤ ካንሰር መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ ምንጩ ጡት ነውና ከአሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከሃልስቴድ ዘመን ጀምሮ እንደተደረገው ጡቱ ወዲያውኑ ይውጣ፤ ጡትን ማትረፍ ይቻላል የሚሉት ጥናቶች ትንንሽና የሌላ አገር ናቸው፤ የጨረር ሕክምና ሩቅ ስለሆነ ጡት መቁረጥ ሴቲቱን ከዚህ መንገድ ይገላግላታል፤ በመጨረሻም 40 ዓመት ያለፋትና ወልዳ የሳመች ሴት ጡቷን ብታጣ ብዙ አይጎድልባትም፣ ምርጫ መስጠትም ያደናግራታል። እያንዳንዱን በየተራ እመልሳለሁ። እውነት ያለበትንም እውነት ነው እላለሁ።

ከቲቢው ልጀምር። ቲቢ በአገራችን ብዙ ነው ማለታቸው ልክ ነው። ከሳንባ ውጭ ከሚከሰተው ቲቢ ውስጥም በንፍፊት ዕጢ (ሊምፍ ኖድ) ላይ የሚወጣው የዕጢ ቲቢ ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል። ነገር ግን የዕጢ ቲቢ አዘውትሮ የሚወጣው አንገት ላይ ነው። ብብቷ ላይ ብቻ፣ በአንድ ወገን፣ ጠንካራና ሕመም የሌለው እብጠት ይዛ የመጣች ጎልማሳ ሴት ያለ ናሙና የቲቢ መድኃኒት ሊጀመርላት አይገባም።

ይህን የምለው ከወንጂ የመጣችውን እናት እያሰብኩ ነው። ዕድሜዋ 44 ነበር፤ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። በቀኝ ብብቷ ሽምብራ የምታክል ነገር ስትነካ፣ በዚያው ሰሞን እጇን ቢላዋ ቆርጧት ስለነበር ንፍፊት መስሏት ተወችው። ቁስሉ ድኖ እብጠቱ ሲቀር ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄደች። የዕጢ ቲቢ ነው ተብላ፣ መርፌ ሳይነካት፣ ለሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ ለአራት ወር ሁለት ዓይነት ወሰደች። «ሽንቴ ቀይ ሲሆን ደንግጬ ነበር፤ መድኃኒቱ ነው አሉኝ። እኔም ቀይ በሆነ ቁጥር እየሠራልኝ ነው እያልኩ እጽናና ነበር» አለችኝ። ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳን አላቋረጠችም። እኔ ዘንድ ስትደርስ ሽምብራው ሎሚ አክሎ ነበር።

ክንዷን በእኔ ክንድ ላይ እንድታሳርፍ አደረግሁ። የደረቷ ጡንቻ እስኪላላ ጠብቄ ጣቶቼን ወደ ብብቷ ጫፍ ሰደድኩ። እብጠቱ ድንጋይ ነበር፤ ከጎኑም ሌላ ትንሽ ነበረ። ጡቶቿን ተቀምጣም ተኝታም ዳሰስኩ፤ አንዳች ነገር የለም። ጣት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። የሚፈርደው መርፌ ነው። በወፍራም መርፌ የተወሰደው ናሙና በፎርማሊን ብልቃጥ ተደርጎ፣ ብልቃጡ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ በልጇ እጅ አዲስ አበባ ሄደ። ልጁ ፌስታሉን ከወንበር ሥር እንዳያስቀምጠው፣ ጭኑ ላይ ይዞት እንዲሄድ አደራ አልኩት። ናሙና እንዳይበላሽ በሚያቆየው ፎርማሊን ውስጥ በቶሎ ካልገባ በካንሰሩ ሕዋሳት ላይ ያሉት የሆርሞን ተቀባዮች ምርመራ ይበላሻል፤ ያን ጊዜ በሽታው ከጡት መምጣቱን ማረጋገጥም፣ መድኃኒት መምረጥም ይቸግራል። የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤቱ ሲመለስ ካንሰር ነበር። የኢስትሮጅን ተቀባይ አለው፣ ጋታ 3 የሚባለውም ምልክት ተገኝቶበታል፤ ሁለቱም በአንድነት ጣታቸውን ወደ ጡት ይቀስራሉ።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ነጥብ መልሴ አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ከናሙናው አይቅደም። ቲቢ ከሆነም ናሙናው ይነግረናል፤ በዚህ የሚጎዳ ሰው የለም።

ሁለተኛው ነጥብ የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመለስበታለሁ። ዊልያም ሃልስቴድ ጡት ሳይታመም ብብት ላይ ስለሚወጣው ካንሰር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው። ትልቅ ሐኪም ነበር። የዘመኑ እምነት ግን ካንሰር ከጡት ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ፣ እንደ ውኃ ፍሳሽ ወደ ዙሪያው ይሰፋል የሚል ነበር። በዚህ እምነት ቢላዋው ሰፋ ባለ መጠን ሕይወት ይተርፋል። ሃልስቴድም ጡቱን ከነደረት ጡንቻው፣ ከነብብት ዕጢው በአንድ ላይ ያወጣ ነበር። ማሞግራም አልነበረም፤ ኬሞቴራፒ አልነበረም፤ የሆርሞን መድኃኒት አልነበረም። በእጁ የነበረው ዋናው መሣሪያ ቢላዋ ነው። በዚያ ዘመን ጡቱን ማውጣት ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ግን በርናርድ ፊሸር በአሜሪካ፣ ኡምቤርቶ ቬሮኔዚ በሚላኖ ያንን እምነት በፈተና ላይ አቆሙት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጀመሩት ሁለቱ ጥናቶች፣ እብጠቱ ወይም እብጠቱ ያለበት የጡት ሩብ ብቻ ወጥቶ ጡታቸው በጨረር የታከመላቸውን ሴቶች ጡታቸው ሙሉ በሙሉ ከወጣላቸው ጋር አነጻጸሩ። ሁለቱም የ20 ዓመት ውጤታቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። በሕይወት የመቆየት ዕድል ላይ ልዩነት አልነበረም። ከፊሸር ጥናት አንድ ቁጥር እዚህ ላይ መጥቀስ ይኖርብኛል። እብጠቱ ወጥቶ ጡታቸው በጨረር ከታከመላቸው ሴቶች ካንሰሩ እዚያው ጡት ላይ የተመለሰባቸው 14.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ጨረር ካላገኙት ግን 39.2 በመቶ ነበሩ። ይህ ቁጥር ኋላ ላይ ስለ ጨረር ስናወራ ያስፈልገናል።

እንግዲህ እናስብ። የሁለት ሴንቲ ሜትር እብጠት በእጄ የዳሰስኩባት ሴት ስትመጣ፣ ጨረር የምታገኝ ከሆነ ጡትሽ ሊተርፍ ይችላል እላታለሁ። ጸሐፊውም እንዲሁ እንደሚሉ አውቃለሁ፤ አብሬያቸው ሠርቻለሁና። ካንሰሩ ከማነሱ የተነሣ ጣትም፣ ማሞግራምም፣ አልትራሳውንድም ያላገኘባት ሴት ስትመጣ ግን ጡትሽ በሙሉ ይወጣል እንላታለን። የሚታየው ካንሰር ያለባት ጡቷን ይዛ ትሄዳለች፤ የማይታየው ያለባት ታጣዋለች። ለዚህ ከልማድ በቀር ምን ምክንያት አለን?

ጸሐፊው ምንጩ ጡት ውስጥ መሆኑን ለማስረዳት፣ በተቆረጡ ጡቶች ላይ ፓቶሎጂስቶች ከግማሽ በላይ በሆኑት ውስጥ ትንሽ ካንሰር ማግኘታቸውን ያነሣሉ። እውነት ነው፤ በአንዳንድ ጥናቶች እስከ ሁለት ሦስተኛ ይደርሳል። ከዚህ ቁጥር አብዛኛው የተሰበሰበው ግን የጡት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ ምስል) ባልነበረበት ወይም እምብዛም ባልነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ ማሞግራምና አልትራሳውንድ ንጹሕ ካሏቸው ከእነዚህ ሴቶች መካከል ኤምአርአይ ከአሥሩ በስድስቱ ወይም በሰባቱ ምንጩን ያሳያል። ከታየ ደግሞ በሽታው ስውር መሆኑ ይቀራል፤ ራዲዮሎጂስቱ በአልትራሳውንድ ደግሞ ፈልጎት ናሙና ይወስድበታል፣ ከዚያ እንደማንኛውም ትንሽ የጡት ካንሰር ይታከማል። ስውር የሚለው ስም በትክክል የሚገባው ኤምአርአይም አይቶ ላጣው ብቻ ነው። ለዚህ ምርመራ ለጡት የተሠራ መቀበያ ያለው መሣሪያና በደም ሥር የሚሰጥ ማቅለሚያ ያስፈልጋል፤ በየከተማው አይገኝም፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም። ቢሆንም አንዲት ሴት ጡቷን ከማጣቷ በፊት አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዳ ብትታይ መንገዱ በዛ የሚል ቤተሰብ እስካሁን አልገጠመኝም።

የጡቱን የላይኛውን ውጫዊ ሩብ በግምት ቆርጦ ማውጣትን እንደ መካከለኛ መንገድ ያነሡት ነገርስ? አይበጅም። የማናየውን ነገር በግምት ስንቆርጥ ጠባሳ እናተርፋለን እንጂ ጨረሩን አንተካም። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ስመጣ ጸሐፊው እውነት ይዘዋል። በስውር የጡት ካንሰር ላይ ሴቶችን በዕጣ ከፍሎ ያነጻጸረ ጥናት የለም፤ በሽታው ብርቅ ስለሆነ ታማሚ አይሞላም። ያሉት ወደ ኋላ ተመልሰው መዝገብ የፈተሹ ጥናቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ7 ጥናቶች የ241 ሴቶችን መረጃ አንድ ላይ ያሰባሰበ ትንተና ወጥቶ ነበር። የብብት ዕጢያቸው ወጥቶ ጡታቸው በጨረር የታከመላቸው፣ ጡታቸው ከወጣላቸው ጋር ሲነጻጸሩ በበሽታው መመለስም ሆነ በሞት የከፋ ነገር አልደረሰባቸውም። የብብት ዕጢያቸው ብቻ ወጥቶ ጡታቸው ሳይታከም በተተወው ግን በሽታው በዚያው አካባቢ በ34 በመቶው ተመልሷል፤ ጨረር ባገኙት በ13 በመቶ ገደማ ነበር።

241 ሴት ጥቂት ናት፤ አልክድም። ነገር ግን በዚህ በሽታ ላይ ጡት መቁረጥ የተሻለ መሆኑን በዕጣ ከፍሎ ያሳየ ጥናትም የለም። ማስረጃው ቀጭን ከሆነ ለሁለቱም ቀጭን ነው። ስለ ሌላ አገርነቱም ቢሆን፣ ጸሐፊው የተመረኮዙበት ሃልስቴድ የሠራው ባልቲሞር ነው። የካንሰሩን ጠባይ ከሌላ አገር መማር እንችላለን። የእኛ አገር ጥያቄ ሴቲቱ ሕክምናውን ታገኛለች ወይ የሚለው ነው፤ አራተኛው ነጥብ የሚከብደውም ለዚህ ነው።

ጨረር። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጅማን የመሳሰሉ ማዕከላት ተጨምረዋል፤ ወረፋው ግን በወራት ሲቆጠር ኖሯል። ማሽን ሲበላሽ የቆየችው ሴት ይበልጥ ትቆያለች። እኛ አዳማ ያለነው ከብዙዎች የተሻልን ነን፤ ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ አዲስ አበባ የማለዳ ጉዞ ሆናለች። ከአርሲ ገጠር ለምትመጣዋ ግን አዳማ ራሷ ሩቅ ናት። ጸሐፊው ይህን ሲሉ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ጡቷ ተርፎ፣ ጨረሩን ሳታገኝ ሁለት ዓመት ቆይታ፣ ካንሰሩ ቆዳዋን በልቶ የተመለሰች ሴት እኔም አይቻለሁ። ጡቷን ስናይ በክፍሉ ውስጥ የነበርን ሁሉ አንገታችንን ደፋን።

ስለዚህ በግልጽ ልናገር፤ ጡቱን ማትረፍ ማለት ጡቱን መተው ማለት አይደለም። ጨረር በፍጹም የማታገኝ ሴት ከሆነች ጡቷ ይውጣ። የማልቀበለው «ጡት መቁረጥ ከጨረር ይገላግላል» የሚለውን ነው፤ በዚህ በሽታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እውነት አይደለምና። ስውር የጡት ካንሰር ያለባት ሴት የምትመጣው ዕጢዋ በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ ነው። አራትና ከዚያ በላይ ዕጢ በካንሰር ከተያዘ ጡቱ ቢወጣም ደረቱና የብብት አካባቢው በጨረር መታከም እንዳለበት የታወቀ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ሲሆንም ጨረር እንደሚጠቅም እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሰፊ ትንተና አሳይቷል። ታዲያ ጡቷን ቆርጠን «ተገላገልሽ» ካልናት በኋላ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱ ስድስት ዕጢ ሲቆጥር ያችኑ የሪፈር ወረቀት ልንጽፍላት ነው። ጡቷንም አጣች፣ ጉዞውም አልቀረላትም። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ደግሞም ጨረሩ እንደ ድሮው አይደለም። ቀድሞ ለጡት በ25 ቀን የሚሰጠው ዛሬ በብዙ ቦታ በ15 ቀን ይሰጣል፤ ማለትም ሦስት ሳምንት። ለአዳማ ሴት በአምስት ሳምንትና በሦስት ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት ዘመድ ቤት ማረፍ መቻልና አለመቻል ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጸሐፊው ያላነሡት ነገር ጊዜ ነው። የሚያስቸኩለን በሽታ በብብቷ ያለውና ምናልባት በደሟ የተበተነው እንጂ በጡቷ የተደበቀው አይደለም። ዕጢዎቹ ከወጡ በኋላ አብዛኛዎቹ ሴቶች ኬሞቴራፒ ይወስዳሉ፤ ይህ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። እነዚህ ወራት ባክነው አይቅሩ። እኔ የማደርገው ይህ ነው፤ የኬሞ ማዘዣው በተጻፈበት ቀን የጨረሩም ሪፈር ይጻፋል፣ በዚያው ሳምንት አስታማሚው ሄዶ ወረፋ ያስይዛል። ኤምአርአይ ያልታየች ከሆነች በእነዚሁ ወራት ገንዘብ ታጠራቅማለች። ኬሞው ሊያልቅ ሲል ወረፋው ከደረሰ ጡቷ በጨረር ይታከማል። ወረፋው እንደማይደርስ ከታወቀ ደግሞ ያኔ ቁጭ ብለን ስለ ጡቷ እንነጋገራለን፤ ያኔ ብናወጣውም በሕክምና ላይ ነበረችና የጠፋባት ጊዜ የለም። ጡት በአንድ ቀን ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ግን የሚመልሰው የለም።

ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለፈው የብብቱ ቀዶ ሕክምና ነው። በእኔ እምነት ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። የብብት ዕጢዎች ከትንሹ የደረት ጡንቻ አንጻር በሦስት ደረጃ ይከፈላሉ፤ በዚህ በሽታ አንደኛውና ሁለተኛው ደረጃ በደንብ መጽዳት አለባቸው፤ ፓቶሎጂስቱም ቢያንስ አሥር ዕጢ ቆጥሮ ሊነግረን ይገባል። በጎድን አጥንት ላይ ወደ ታች የሚወርደው ረጅሙ ነርቭ ከተነካ የብራኳዋ አጥንት ከጀርባዋ ተገንጥሎ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ባልዲ ከራሷ በላይ ማንሣት ያቅታታል። ይህ ነርቭ እስኪታይ ድረስ አለመቁረጥ ትዕግሥት ይጠይቃል። ያንን ትዕግሥት ያስተማሩኝ ደግሞ ራሳቸው ጸሐፊው ናቸው።

የብብት ዕጢዋ በሙሉ ከወጣላት አምስት ሴት በአንዷ ገደማ ክንድ ያብጣል። ከዓመታት በፊት ያከምኳት አንዲት እናት የቀኝ እጅጌዋን ስፌት እስከ ክርኗ ተርትራ ለብሳ መጣች፤ ክንዷ አልገባ ብሏት ነው። የጋብቻ ቀለበቷ በመጋዝ ተቆርጧል። የምጣዱን አክንባሎ በግራ እጇ ማንሣት እንደለመደች ስትነግረኝ፣ ጡቷን ስለ ማትረፍ ከተነጋገርነው ሩብ ያህሉን እንኳን ስለ ክንዷ እንዳልነገርኳት ትዝ አለኝ። ዛሬ ማንም ሴት ከቀዶ ሕክምና ክፍል ስትወጣ የክንድ እንቅስቃሴውን ተለማምዳ፣ ያ እጅ እንዳይቆስልና እንዳይቃጠል ተነግሯት ነው የምትሄደው።

ዓለም ዛሬ እየተለወጠ ያለውም በብብቱ ነው። ኬሞ ቀድሞ ሲሰጥ፣ በተለይ ኸር 2 የሚባለው ፕሮቲን በበዛበት ዓይነት፣ ዕጢዎቹ ብዙ ጊዜ ከካንሰር ይነጻሉ። ከኬሞው በፊት የታመመው ዕጢ ላይ ትንሽ የብረት ምልክት ይቀመጣል፤ በኋላም ያ ዕጢና በሙያው ሴንቲነል የሚባሉት፣ ካንሰር መጀመሪያ የሚደርስባቸው ዕጢዎች ብቻ ይወጣሉ። ሴንቲነሎቹ ብቻ ሲወጡ በአንድ ትልቅ ጥናት ዕጢያቸው ውስጥ ገና ካንሰር ከነበረባቸው ሴቶች በ12.6 በመቶው ሳይታይ አምልጦ ነበር፤ ምልክት የተደረገበት ዕጢ ሲጨመር እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሌላ ጥናት ስሕተቱ ወደ 2 በመቶ ወርዷል። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት የጡት እብጠታቸው በሚታወቅ ሴቶች ላይ ስለሆነ ለስውሩ ካንሰር በጥንቃቄ ይወሰዱ። እኛም ምልክቱንና ማቅለሚያውን እስክናገኝ ድረስ ሙሉውን ጽዳት እንሠራለን። አንድ ወይም ሁለት ዕጢ ከተያዘ ብብቱ አይነካ የሚለውን ዝነኛ የአሜሪካ ጥናት ለዚህ በሽታ የሚጠቅሱ ወጣት ሐኪሞች ግን ይጠንቀቁ፤ ያ ጥናት በእጅ የሚዳሰስ ዕጢ ያላቸውን ሴቶች አላካተተም።

አምስተኛውን ነጥብ ሳነብ አዘንኩ። በአገራችን የጡት ካንሰር የሚይዛቸው ሴቶች ብዙዎቹ በ40ዎቹ ውስጥ ያሉ ናቸው። 40 ያለፋት ሴት ጡት አያስፈልጋትም ማለት እንግዲህ ከታማሚዎቻችን አብዛኛዎቹን አያስፈልጋችሁም ማለት ነው። የወለደች ሴት ገላዋ የራሷ መሆኑ አይቀርም። ልብሷን ስታወልቅ ከውስጥ በመርፌ ቁልፍ የያዘችው የታጠፈ ጨርቅ ሲወድቅባት፣ ከእኔ ፊት እንኳን ጎንበስ ብላ ለመደበቅ የተጣደፈች የ58 ዓመት ሴት አይቻለሁ። የጎደለባት ነገር አለመኖሩን ማን ይነግራታል? ባሏ? እኛ? ካንሰሩ ጡቷን የሚጠይቅ ሲሆን እንቆርጣለን፤ ብዙ ቆርጫለሁ፣ ነገም እቆርጣለሁ። ዕድሜዋን ግን ምክንያት አናድርገው።

ምርጫ ያደናግራል የሚለውንም በሥራዬ አላየሁትም። የሚያደናግረው በሪፈር ወረቀት ጀርባ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ነው።

ለወንጂዋ እናት ሁሉንም በአማርኛ ነገርኳት፤ ልጇም አጠገቧ ነበር። የብብትሽ አይቆይም አልኳት፣ የጡትሽን ግን ኬሞው እስኪያልቅ አስቢበት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «እንግዲህ ዶክተር፣ አንቺም ሴት ነሽ፤ ጨረሩ ስንት ቀን ነው?» አለች። 15 አልኳት። የሽንኩርቱን ገበያ በየትኛው ሳምንት ለእህቷ እንደምትተው በጣቷ ቆጠረች። ከብብቷ 14 ዕጢ ወጣ፤ አምስቱ ተይዘው ነበር። ስለዚህ ጡቷ ቢወጣም ባይወጣም ጨረሩ ግዴታ ሆነ። ኤምአርአይዋ ንጹሕ ነበር። ወረፋዋ ኬሞውን በጨረሰች በአምስተኛው ሳምንት ደረሰ፤ አቃቂ ያለች የአክስቷ ልጅ ቤት አድራ እየሄደች ጨረሰችው። አሁን ታሞክሲፈን የሚባለውን የሆርሞን ሕክምና ክኒን ትወስዳለች።

በዚያው ወር ሌላ ሴት ነበረች፤ ተመሳሳይ በሽታ፣ ከአሰላ ወዲያ ከገጠር። አዲስ አበባ ማንም የላትም፣ ቤቷ የምትጠብቀው ሽባ እናት አለች። እሷ ደግሞ ሁሉንም ሰምታ ጡቴ ይውጣ አለች። ጨረር ሊያስፈልግ እንደሚችል ነግሬያት ጡቷን እኔው አወጣሁት። የተያዘው አንድ ዕጢ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጨረሩ የሚሰጠውንና የሚያስከፍለውን ተነጋገርን፣ ቀረባት። ውሳኔዋ ከጸሐፊው ምክር ጋር አንድ ነው፤ እኔም ደግፌዋለሁ።

መምህሬ ዶክተር፣ የወንጂዋ እናት ቀጠሮ በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሁለቱን ክንዶቿን ከክርኗ በላይና በታች በሜትር እንለካለን፤ ባለፈው ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሜትር አልሞላም ነበር። የዓመቱን ማሞግራምም ይዛ ትመጣለች። እርስዎ መጥተው ቢያዩዋት ደስ እንደሚላት ጠይቄያት ነግራኛለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ብንጀምር ይመችዎታል?